የጅብ ጉሮሮ

አጎቴ ገሠሠ ገና ጎህ ሳይቀድ ጓሮ ቁጢጥ ብሎ እጁን በአመድ ያሽ ነበር። አሽቶ አሽቶ በውሃ ያለቀልቅና ያሸተዋል፤ ፊቱን አጨፍግጎ ደግሞ አመድ ይዘግናል። አጎቴ እንኳን በአመድ በባዶ ውሃም የሚታጠበው ሚስቱ እትዬ መሰለች ስትጮህበት ብቻ ስለሆነ፣ የጭቃው ግድግዳ በተሰነጠቀበት በኩል ዓይኔን አስጠግቼ ባይ አይፈረድብኝም። ከቅንጭቡ አጥር ወዲያ ሌላ ሰው ቆሟል። ሲናገሩ በድምፃቸው አወቅኋቸው፤ የሰፈራችን ሹም ባላምባራስ ንዋይ ናቸው። ባላምባራስ ያለ አሽከር፣ ያለ በቅሎ፣ በእግራቸው እኛ ጓሮ ይመጣሉ ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ውሸታም እለው ነበር። ውሸት ደግሞ የእኔ ሙያ ነው፤ ሰፈሩ ይመሰክርልኛል።

«የተረፈው ዱቄት ተቀበረ?» አሉ ባላምባራስ።

«ተቀብሯል ጌታዬ። ሥጋውን የዘለዘልኩበት ቢላዋም አብሮ ተቀብሯል።»

«እንግዲህ ማንም ቢጠይቅህ የደብተራው ድግምት ነው በል። መርዝ የምትል ቃል ካፍህ ከወጣች የአገሩ ባለ ውሻ፣ ባለ ዶሮ ሁሉ ካሳ እያለ እኔ ደጅ ነው የሚያድረው። በአቦ ምለህልኛል። የምታድርበት ቤትም የማን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

አጎቴ የባላምባራስ የእህል ጎተራ ዘበኛ ነው። ቤቱ የእሳቸው፣ መሬቱ የእሳቸው፣ ጓሯችን የበቀለችው ጎመን ሳትቀር ግማሿ የእሳቸው ናት። ወደ ውስጥ ሲመለስ ዓይኔ ገና ስንጥቁ ላይ እንደተለጠፈ ያዘኝ።

«ሰምተሻል» አለኝ።

«ምኑን? ተኝቼ ነበር።»

«ዓይንሽን ከፍተሽ?»

«ሲሞቀኝ እንደዚያ ነው የምተኛው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ከንፈሩ ጥግ ላይ ሳቅ አይጠፋም ነበር። ዛሬ ግን አጠገቤ ተቀመጠና፣ ከእጁ የአመድና የሌላ የማላውቀው ነገር ሽታ እየመጣ፣ «ሸዋወርቅ፣ ይህቺን ነገር ብትተነፍሺ ሁላችንም ሜዳ ላይ ነን። ታፈሰ ደግሞ ታሟል» አለ። ታፈሰ የእሱና የእትዬ መሰለች ልጅ ነው፤ ገና ሦስት ዓመቱ። ትክትክ ይዞት ወሩን ሙሉ ሲያስል፣ ትንፋሹ ሲቆም፣ ፊቱ ሲጠቁር፣ ደግሞ ሲመለስ ከርሟል። ያን ጊዜም መደቡ ላይ እያሳለ ነበር። እኔም ዝም አልኩ። አፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢያርፍ ምን ቸገረኝ አልኩ።

ጅቦቹ መሞታቸው ማንንም አያሳዝንም ነበር፤ ይህን እውነቱን ልናገር። በሚያዝያ መጨረሻ፣ ሙቀቱ ሲጠና፣ ባቡር ጣቢያ ሸክም የሚሠራው ኢተፋ እንደ ሁላችንም ሰሌኑን ደጅ አንጥፎ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ተኝቶ ሳለ፣ ጅብ ልጁን ከሁለቱ መሀል አንስቶት ሄደ። ጠዋት የተገኘው የአንገቱ ጨሌ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በአዳማ ደጅ የሚያድር ሰው ጠፋ። ባንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሆነን፣ በር ዘግተን፣ የሳር ጣራው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት እያወረደብን እንቀቀል ነበር። ባላምባራስም ሰፈሩን ሰብስበው፣ ከየቤቱ አስዋጥተው፣ ደብተራ ሙሉብርሃንን አስጠሩ። ደብተራው በሰፈሩ አራት ማዕዘን ክታብ ቀበረ። እኛ በዚያ አምነን ስንጠብቅ፣ ባላምባራስ ደግሞ ለካ ከአንድ ነጋዴ ነጭ ዱቄት ገዝተው፣ በሞተ ጥጃ ሥጋ ላይ በአጎቴ እጅ አስነስንሰው ነገሩን በራሳቸው መንገድ ጨርሰውታል።

ፀሐይ ስትወጣ እልልታው ቀደመን። ከጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው አቧራማ መንገድ ላይ ጅቦች ወድቀዋል። አንዱ የአረቡ ሱቅ ደጃፍ፣ ሁለቱ በሥጋ ቤቶቹ አጠገብ፣ አንዲት ሴት ጅብ ደግሞ ፈፋው አፍ ላይ ከነጡቷ። ጅብ ሞቶ ሲተኛ ይለሰልሳል ብዬ ነበር የማስበው። እነዚህ ግን ጀርባቸው እንደ ደጋን ተለጥጦ፣ እግራቸው እንደ ግንድ ደርቆ፣ ጥርሳቸው ገጥሞ ነው የሞቱት። ኢተፋ ሸክሙን ትቶ መጥቶ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል፤ ጎንበስ ብሎ ሆዳቸውን ያያል። «ልጄን የበላው የትኛው ነው?» ይላል። ደብተራ ሙሉብርሃን ነጭ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ጥምጣሙን አሳምሮ፣ ሰው እጁን ሲስመው እጁን እንደ ደከመው ሰው ይለቃል። ለነገሩ እሱም ሳይገርመው አልቀረም፤ ዓይኑ ከጅብ ጅብ ይዘላል፣ አፉ ግን «የእግዚአብሔር ኃይል ነው» ይላል።

ከብቶቹን ከከተማው ዳር የሚያሳድረው አባ መርዳሳ ሞቶ የደረቀ ውሻውን በትከሻው ተሸክሞ ሲመጣ ሰው መንገድ ለቀቀለት። ውሻውን ባላምባራስ እግር ስር አጋድሞ፣ «አካም ቡልተኒ ጌቶች» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ካለ በኋላ፣ «ይህ ውሻ ክርስቲያን አልበላም፣ እስላም አልበላም። ድግምቱ እሱንም በምን አወቀው?» ብሎ ጠየቀ።

«ከጅብ ጋር የዋለ ውሻ ጅብ ነው» አሉ ባላምባራስ። ሰው ሳቀ።

አባ መርዳሳ አልሳቀም። ወደ ፈፋው በአገጩ እያሳየ፣ «ደግ። ነገ ባለ ሥጋ ቤቶቹ አንጀትና ሰንበሩን ሲጥሉ፣ ያረጀ አህያ ሲወድቅ፣ ማን ይበላዋል? እርስዎ ይበላሉ?» አለ። አሁንም ሰው ሳቀ፤ ግን ባላምባራስን አየና ሳቁን ዋጠ። አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሚባል አለ፣ ቆሻሻ ያስጠርጋል ይባላል። እኛ ዘንድ ማዘጋጃው ጅብ ነበር። ማታ የተጣለው ሁሉ፣ አጥንቱ ሳይቀር፣ ሲነጋ የለም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ስቄ ቤቴ እገባ ነበር። ዳሩ ደብተራው ያገኘው ክብር አልበቃው አለ። ቢላዋ አስመጣና፣ «ጅብ የፈረስ ጭን አጥንት ሲውጥ አያንቀውም። ጉሮሮው የተቀቀለበትን ውሃ የጠጣ ልጅ ሳል አያንቀውም» አለ። «ይህ ደግሞ በጦር የሞተ አይደለም፤ በጸሎት የታሰረ ነው፤ ንጹሕ ነው።» ትክትክ የገባበት ቤት ብዙ ስለነበር እናቶች ነጠላቸውን እያጣፉ ተጋፉ። ክርስቲያኑም እስላሙም። ለልጅ መድኃኒት ሲሆን የማን ቢላዋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ደብተራው ግን የሁሉም ጅብ ጉሮሮ አይሆንም አለ፤ የሴቷን ብቻ። አንድ ጉሮሮ፣ ለመጀመሪያዋ። እትዬ መሰለች ክርኗ ስለታም ነው፤ መጀመሪያዋ እሷ ሆነች። አንድ መሐለቅ ከፍላ በቅጠል የተጠቀለለውን ስትቀበል ነጠላዋን ጎተትኩት።

«እትዬ፣ ተይው።»

«ምን ሆንሽ?»

«አጎቴን ጠይቂው።»

«አጎትሽ መቼ ነው መድኃኒት ማወቅ የጀመረ?» ብላ እጄን መነጨቀች። እየሮጠች ነበር የምትሄደው፤ በደስታ።

ቤታችን አንድ ክፍል ናት። በስተቀኝ መደቡ፣ በስተግራ ምድጃው፣ መሀል ላይ ጣራውን የያዘው ምሰሶ፤ ምሰሶው ላይ የአጎቴ ጠመንጃ ማንጠልጠያ አለ፣ ጠመንጃው ግን የባላምባራስ ስለሆነ ማታ ማታ ብቻ ነው የሚመጣ። አጎቴ እዚያ ጨለማ ውስጥ ልጁን ደረቱ ላይ አስደግፎ ተቀምጦ ነበር። እትዬ መሰለች ቅጠሉን ፈትታ ስታሳየው እንደ እባብ አየው። ብድግ ብሎ ከእጇ መታውና ጉሮሮው አመዱ ውስጥ ወደቀ።

«በእኔ ቤት ጅብ አይበላም» አለ።

«ማን ብላ አለህ? ለልጁ ነው። መድኃኒት ነው።»

«አይበላም አልኩ። ወስደሽ ጣይው።»

«ስለምን?»

አጎቴ እኔን አየኝ፣ እኔም አየሁት፤ ታፈሰ ሳለ፤ እትዬ መሰለች ከአንዳችን ወደ አንዳችን ዓይኗን አዞረች። ከዚያ ጉሮሮውን ከአመዱ አንስታ፣ እፍ እፍ ብላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው። «ዛሬ ጻድቅ ሆነ» ብላ ለራሷ አጉረመረመች። ባሏ በክት ፈርቶ መስሏታል። እኔም ትጥለዋለች ብዬ፣ አጎቴ «ውሃ ቅጂ» ሲለኝ ቅሌን ይዤ ወጣሁ።

የጉድጓዱ መንገድ በፈፋው አጠገብ ነው የሚያልፍ። ጎረምሶቹ ጅቦቹን በእግራቸው ጠፍረው እየጎተቱ እዚያ ጥለዋቸው፣ አሞሮቹ ከሩቅ ሰምተው ወርደዋል። ጥንብ አንሳው በየዓይነቱ፣ አባ ኮዳውም አንገቱ ላይ ከረጢቱን አንጠልጥሎ እንደ ሽማግሌ ዳኛ። ሌላ ጊዜ እኔና እነሱ እንተዋወቃለን፤ ድንጋይ እወረውርላቸዋለሁ፣ እነሱም ይንቁኛል። አሁን ግን አንድ ጥንብ አንሳ በሆዱ ተኝቶ ክንፉን ዘርግቶ መሬቱን ይደበድባል። ሌላው ለመብረር ሮጦ ሮጦ በደረቱ ተተከለ። አባ ኮዳው በጉልበቱ ተንበርክኳል፤ ያ ረጅም ምንቃሩ አቧራ ውስጥ ገብቷል። እነዚህ አሞሮች የአጎቴን ጥጃ አልበሉም። የበሉት ጅቡን ነው። መርዙ ከጥጃው ወደ ጅቡ፣ ከጅቡ ወደ አሞራው እየተላለፈ ነበር። እስከዚያች ሰዓት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የበላው ጅብ ከሞተ ነገሩ ከጅቡ ጋር ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ለእትዬ መሰለች የነገርኳትም በፍርሃት እንጂ በእውቀት አልነበረም። ቅሌን ጣልኩና ሮጥኩ።

«ጉሮሮው የታለ?» አልኳት እትዬ መሰለችን፤ እሷ ደጅ ተቀምጣ ሽንብራ ትለቅማለች።

«ልጥለው? ስንት ሰው የተጋፋበትን? ለበድሪያ ሰጠኋት። የእሷም ልጅ እያሳለ አይደል?»

እትዬ በድሪያ የአጥር ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ ደሊል ከወሎ የመጣ የጨው ነጋዴ ነው፣ ያን ሰሞን ወደ አርሲ ተሻግሮ ነበር። ልጇ አብደላ ከታፈሰ በአንድ ዓመት ይበልጣል፤ ሁለቱ አንዱን ሳል ከአጥር ወዲያና ወዲህ ይቀባበሉታል። ከእኛ ጋር እሳት እንዋዋሳለን፣ ጨው እንዋዋሳለን፣ ሥጋ ግን አንዋዋስም። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ስገባ ድስቷ ተጥዶ ይንተከተካል።

«እትዬ በድሪያ፣ አውርጂው። መርዝ አለበት።»

አየችኝና ፈገግ አለች። «ደግሞ ዛሬ ምን ልታሰልፊኝ ነው?»

ጥፋቱ የእኔ እንዳይመስላችሁ፣ የጥርሷ ነው። በጥር ወር፣ ባቡሩ ጥርሱን ለታመመ ሰው ሁሉ በነጻ ይጭናል ብዬ አውርቼ፣ ሦስት ሴቶች ጉንጫቸውን በነጠላ አስረው ጣቢያ ተሰልፈው ነበር። አንዷ እሷ ናት። የኔታም ዳዊት ያስጀመሩኝን አቋርጠው «ይህችን አፍ ከዚህ አውጡልኝ» ያሉት በዚያው ሰሞን ነው።

«በአላህ እምላለሁ» አልኳት።

«አንቺ በአላህ?»

«በማርያምም እምላለሁ። አጎቴ ነው ያኖረው። በጓሮ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። አጎቴን ጠይቂው።»

ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ሄደ። ድስቱን አወረደችና ሻሿን አስተካክላ ተከተለችኝ።

እኛ ቤት ስንደርስ እትዬ መሰለች ታፈሰን አዝላ ገበያ ወርዳለች፤ ባላምባራስ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ለአጎቴ ክብር ብለው ነው የመጡት፤ አሽከራቸው ጠላ በማሰሮ ይዞላቸው መጥቷል። አጎቴ ከፊታቸው ቆሞ ዋንጫ ይዟል። እትዬ በድሪያ ከበሩ ሳታልፍ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«ጋሼ ገሠሠ» አለች። «ይህች ልጅ አንድ ነገር ብላኛለች። ደብተራው የሰጡት መድኃኒት መርዝ አለበት ትላለች። እርስዎ ያውቃሉ ትላለች። እርስዎ ከነገሩኝ ይበቃኛል።»

አጎቴ ዋንጫው ውስጥ አየ። ጠላው ላይ ዝንብ ወድቋል መሰለኝ፤ ዝንቡን በደንብ ያየዋል።

«ይህች ናት ጥርስ ያመመውን በባቡር የጫነችው?» አሉ ባላምባራስ፤ ሆዳቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን ምላስሽን በገበያ እንሸጥልሻለን።»

«ጋሼ ገሠሠ?» አለች እትዬ በድሪያ።

«ልጅ ናት» አለ አጎቴ። «ልጅ ያወራል።»

ይህን ብቻ ነው ያለው። መርዝ የለበትም አላለም፤ በኋላ ሳስበው ውሸት ያልሆነችውን ቃል መርጦ ነው የተናገረው። እትዬ በድሪያ እጅ ነስታ ወጣች። ልከተላት ስል ባላምባራስ «ተቀመጪ፣ ቅጂልን» አሉኝ፣ አጎቴም ትከሻዬን ያዘኝ። ማሰሮውን አነሳሁ። አንድ ቀዳሁ። የያዘኝ እጅ ላላ ሲል ማሰሮውን እግራቸው ስር ለቅቄው ወጣሁ፤ ሲሰበርና ባላምባራስ ሲሳደቡ ከኋላዬ ሰማሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ስገባ እትዬ በድሪያ አብደላን ጭኗ ላይ አስተኝታ በእንጨት ማንኪያ ታጠጣዋለች። ድስቱን በእግሬ ገፋሁት። ምድጃው ላይ ተደፍቶ ፈሰሰ። እሷም ተነስታ በጥፊ አጮለችኝ፤ ቀለበቷ ጉንጬን ቀደደው። «ለልጄ የመጣውን» አለች። አብደላ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገና አየኝ። ምን ያህል እንደጠጣ አላውቅም። ጥቂት ነው።

እዚያው ቆየሁ። እሷም አላባረረችኝም። ወለሉን ስትጠርግ፣ እኔም ሳግዛት፣ ልጁ «እግሬ» አለ። እግሩ ተወጥሮ ነበር። ቀጥሎ አንገቱ። እናቱ ስትነካው ይብሳል፤ በሩ ሲንኳኳ ይብሳል፤ እኔ «ውሃ» ብዬ ስጮህ ሰውነቱ ከሰሌኑ ተነሥቶ በጭንቅላቱና በተረከዙ ብቻ ቆመ። ያን ጊዜ ድምፃችንን ዝቅ አደረግን። በሹክሹክታ ነበር የምታዜምለት። ከዚያ ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣው ባቡር ጣቢያው ሲደርስ ጮኸ፤ እንደ ሁልጊዜው ረጅም አድርጎ። ባቡርን ዝም በል የሚለው ሰው የለም። ጩኸቱ ሲያበቃ አብደላ አበቃ።

ሰው ተሰበሰበ። ደብተራው ከሩቅ፣ «ያለ ጸሎት ያጠጣችው ነው፤ እስላም ስለሆነች ክታቡ ተገለበጠባት» ብሏል ተባለ፤ አንዳንዱም ራሱን ነቀነቀለት። የእስላም ሬሳ አያድርም፤ የሰፈሩ ወንዶች ሬሳውን አጥበው፣ ገንዘው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቃሬዛውን ይዘው ደጅ ቆሙ። ኢተፋም ከእነሱ ጋር ቆሟል፤ አባ መርዳሳም። ነፋሱ ከፈፋው በኩል ይነፍስ ነበርና ሁሉም አፍንጫውን በጋቢው ይዟል። እኛ ሦስታችን ደግሞ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ቆመናል፤ እትዬ መሰለች ታፈሰን አዝላው። ከእኛ መሀል ለልቅሶ ወደዚያ ለመሻገር የደፈረ የለም። እትዬ በድሪያ ወንዶቹን «ቆይ» አለቻቸውና እሷ ወደ እኛ መጣች። ዓይኗ ደርቋል።

«መሰለች» አለች። «የአንቺ ልጅ ጠጣ?»

«አልጠጣም።»

«ለምን?»

እትዬ መሰለች አፏን ከፈተች። ባሏ ጉሮሮውን ለምን ከእጇ እንደመታው ያን ጊዜ ገባት። ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች፤ እንደ እንግዳ ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየችው። አጎቴ ቅንጭቡን ይዞ ነበር፤ ነጩ ወተቱ በጣቱ ላይ ይወርዳል። እኔ መናገር ስጀምር እትዬ በድሪያ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«አንቺ ነግረሽኛል» አለች። «እሱ ይንገረኝ። እስኪነግረኝ ልጄ አይነሳም።»

ወንዶቹ ፀሐይዋን አዩ። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ይመሻል» ሲሏት አልሰማችም። አጎቴ የባላምባራስ ቤት ወዳለበት ኮረብታ አየ፤ ቤቱን አየ፤ ልጁን አየ። ከዚያ ወደ መሬት አጎንብሶ፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ በጭንቅ የሰማሁትን ቃል ተናገረ፤ «መርዝ ነው» አለ።

«ሰምቻለሁ» አለች እትዬ በድሪያ፤ በጣቷም ቃሬዛውን የያዙትን ወንዶች አሳየችው። «አሁን ዞር በልና ለእነሱ ንገራቸው።»